በግራዋ የታጠበው መስታወት

መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው የፊት መስታወት የተሠራው ለማየት ይመስለዋል። ተሳስቷል። የተሠራው ለመታየት ነው። አለቃ ያየዋል፣ ተቆጣጣሪ ያየዋል፣ ትራፊክ ፖሊስ ያየዋል፤ ሹፌሩ ደግሞ ከእነሱ ፍርሃት የተረፈው ጊዜ ካለ በዚያው በኩል መንገዱን ያያል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከመጽሐፍ ጋር የተዋወቅሁት ጎልምሼ፣ አግብቼ፣ ወገቤ ከተጎዳ በኋላ ነው። ያስተማሩኝ የደባርቅ ብርድና አንዲት ባለ ሸራ መኪና ናቸው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ደባርቅ ላይ ለገበሬ ምርጥ ዘር የሚያድል መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበርሁ። ያድላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ሲያድል ያየሁት ግን ንግግር ነው። ከዚያ በፊት የኖርሁት የጭነት መኪና ላይ ጆንያ ስጭንና ሳወርድ ነው። መንዳትም የለመድሁት እንቅልፍ የጣላቸው ሹፌሮች "እስቲ ያዝልኝ" እያሉ መሪውን ሲሰጡኝ ነው። ጆንያ ያልተሸከመ ሰው መሪ ምን እንደሆነ አይገባውም። መሪ ማለት እንደ ሰው ተቀምጦ እንጀራ መብላት ነው።

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከገበታው ወጥቼ በራሴ ዓይን አንብቤ የጨረስሁት የመጀመሪያው ጽሑፍ በመኪናዋ በር ላይ የተጻፈው ነበር፦ "የመንግሥት ንብረት"። ሳላነብ በፊት እንደ ገዛ በቅሎዬ ነበር የምይዛት። ድንጋይ ሲያጋጥማት "አይዞሽ" ብያት አልፋለሁ። ካነበብሁ በኋላ ግን ጠጠር በረገጠች ቁጥር ወርጄ ጎማዋን እመረምር ጀመር። ማንበብ ጥሩ ነው ይላሉ። ይበሉ።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ታረቀኝ ይባላሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ረጅም ሰው ነበሩ። "ንብረት" የምትባለዋን ቃል እንደ ማስቲካ ያኝኳታል። ዳባት ላይ የነበረ አንድ የእኛው መሥሪያ ቤት ሹፌር መኪናውን ከዋርካ ጋር አጋጭቶ ፓውዛዋን ቢሰብር፣ "ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" ተባለና መሪውን ተቀምቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ዕድለኛ ነው ተብሎ ተወራለት። ዕድለኛ ያልሆነው የት እንደሚደርስ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋልና።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ የምፈራቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ ማለት ነው፤ ጓድ ታረቀኝና ጆንያ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጓድ ታረቀኝን ይዤ ከደባርቅ በስተምሥራቅ፣ በአምባራስ መንገድ ላይ ወዳለች አንዲት መንደር ሄድሁ። የገበሬ ማኅበሩን ሰብስበው ሊያነቁ ነው። ገበሬው ከዶሮ ጩኸት በፊት የነቃ ሰው ነው፤ ግን እንዲህ አይባልም። መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ስንደርስ መኪናዋ ከእርሻ የወጣች ድንች መስላለች። ጓድ ወደ ስብሰባው ገቡ። እሳቸው መናገር ከጀመሩ ፀሐይ ሰማዩን አቋርጣ እንደምትጨርስ ስለማውቅ መኪናዋን ወንዝ ዳር አቁሜ ጥላ ፍለጋ ወረድሁ።

ወንዙ ዳር ሴቶች ጋን ያጥባሉ። የጽዋ ማኅበር ደርሶባቸዋል። የጋን አጠባ ያላየ ከተማ ወለድ ካለ ልንገረው፦ ግራዋ የሚባለው ሻካራ ቅጠል ይጨመደድና ጋኑ ውስጥ ይገባል፤ እጅ እስከ ብብት ድረስ ይከተለዋል፤ ከዚያ ክብ እየዞሩ መፈተግ ነው። እድፉ እምቢ ካለ ደቃቅ አሸዋ ይጨመርበታል። ጋን ሸክላ ስለሆነ ችሎ ይኖራል። በዚያ አገር የሴት ሙያ የሚለካው በዚህ ነው። ጠላው ሲቀዳ ቀድሞ የሚጠየቀው "ጋኑን ማን አጠበው?" ተብሎ ነው።

የእነዚያ ሴቶች አለቃ እማማ ይጋርዱ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። እጃቸው የጠጠረ፣ አንደበታቸው ደግሞ ከእጃቸው የጠጠረ ሴት። ቆመው መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"አያ ሹፌር!"

"አቤት እማማ።"

"ይቺ እንግዳ ፊቷን ሳትታጠብ ነው እንዴ መንደር የምትገባ?"

"መንገዱ ነው እማማ።"

"መንገዱማ የኛ ነው። ነውሩም የኛ ነው። እንግዳ ከነጭቃው ከደጃችን ተመለሰ ሲባል ማን ያገባናል?"

"እርስዎን አሁን ማን ሊያገባ ነው?" አለች አንዲቱ፣ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

"አንቺ ዝም በይ! የሰው እንግዳ እግሩን ይታጠባል። የቱ ነው የሷ እግር?"

"አራት አላት" አልሁ።

"ኧረ ወዲያ! ለጊዜው ፊቷ ይበቃታል።"

እኔ ደግሞ ሥራ የሚያቀልልኝ ሰው ሳገኝ እምቢ የምል ፍጡር አይደለሁም። በዚያ ላይ ጠላ በአንኮላ ሞልተው አቅርበውልኛል። "ይጠቧት እንግዲህ እማማ፤ እንደ ራስዎ ዕቃ አድርገው" አልኋቸው። ይህችን ቃል ከጠላው ጋር ውጬ ቢሆን ኖሮ የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር። ሰው ሲጋበዝ ግን ትሕትና ያበዛል።

ከዛፉ ሥር ሆኜ ክርር፣ ክርር የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ፌንጣ መሰለኝ። "የዘንድሮ ፌንጣ ጉልበታም ነው" ብዬ አንኮላዬን አስደገምሁ።

ስመለስ መኪናዋ እንደ ሙሽራ ቆማለች። ውኃው ከላይዋ ይንጠባጠባል፤ ሁለት ሴቶች ኮፈኗ ላይ ተንበርክከው የመጨረሻውን ጠብታ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። "ጭቃው ግትር ቢሆንብን ጥቂት አሸዋ ጨመርንበት" አሉኝ እማማ ይጋርዱ። እኔም መረቅኋቸው። ከልቤ ነው የመረቅኋቸው። "እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው" አልሁ።

ከዚያ ፀሐይ በረታች፤ መስታወቱ ደረቀ።

ከመሪው ኋላ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ መንደር የለም፣ ወንዝ የለም፣ ተራራ የለም። ክብ በክብ ላይ፣ ክብ በክብ ውስጥ፣ አንድ መንጋ ሸረሪት ድሩን ያደራበት የመሰለ የሚንቦገቦግ ብርሃን ብቻ አለ። ጋን እንደሚያጥቡት እየዞሩ ፈትገውታል። ዓይኔ ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ። ዓይኔ ደኅና ነው። በጥፍሬ ነካሁት፤ ጥፍሬ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ቆመ። የእኔም ነፍስ እዚያው ቆመች።

እማማ ይጋርዱ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

"ወደድኸው?"

ምን ልበል? አሮጊት ሴት እጇ እስኪላጥ ፈትጋልኝ "አጠፋሽኝ" ልበላት? "ወደድሁት" አልሁ።

ጓድ ታረቀኝ ከስብሰባው ሲወጡ ግን ሰማይ አዘነልኝና ዝናቡን ለቀቀው። ያኔ ነው የጭረትን ጠባይ ያወቅሁ። መስታወቱ ሲርስ ውኃው ጭረቱን ሞልቶ ይደብቀዋል። ጓድ እስከ ደባርቅ ድረስ ስለ ምርት ዕድገት ሲያወሩኝ አንዲት መስመር አላዩም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲ ተሸካሚ ሆንሁ። ጓድ ወደ መኪናዋ ሊመጡ ሲሉ ሮጬ እደፋበታለሁ። መንገድ ላይ ሊደርቅ ሲል "ሞተሯ ትንሽ ይረፍ" እላለሁ፣ እወርዳለሁ፣ እደፋበታለሁ።

ነገሩ ወዴት ሄደ መሰላችሁ? ጓድ ታረቀኝ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ አስነሡኝ። "ይህን ጓድ ተመልከቱ! የመንግሥትን ንብረት ያለ ማቋረጥ የሚያጥብ ሰው! ከዚህ ጓድ ተማሩ!" ተጨበጨበልኝ። ዘበኛው፣ ጸሐፊዋ፣ መጋዘን ጠባቂው ሁሉ በየጠዋቱ የየራሳቸውን መስኮት እንዲያጥቡ ታዘዙ። ከዚያ ቀን ወዲያ ከእነሱ መካከል በደኅና ሰላም ያለኝ የለም። ጸሐፊዋማ ባለፍሁ ቁጥር "ባልዲው መጣ" ትላለች።

ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ ገባ። የደባርቅን ታኅሣሥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው አልነግረውም፣ አያምነኝም። አንድ ማለዳ እንደ ልማዴ ውኃዬን ደፍቼ ጓድን ለመጥራት ሄድሁ። ተመልሰን ስንመጣ መስታወቱ ላይ ያለው ውኃ ረግቶ ነጭ ድንጋይ ሆኗል።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ ጓድ ታረቀኝ ከጋቢያቸው ውስጥ።

"ውርጭ ነው ጓድ።"

"ታዲያ እዚያ ማዶ የቆመው መኪና ላይ ለምን የለም?"

"ይቺ ቀድማ ስለተነሳች ነው።"

እኔም ወሬው እንዳይቀጥል አንድ የቆርቆሮ ክዳን አንስቼ ውርጩን ፋቅሁት። የቸኮለ ሰው የሚሠራውን አያውቅም። በእማማ ይጋርዱ ክቦች ላይ የእኔ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ተጨመሩ። አሁን መስታወቷ የልብስ ጥለት መሰለች።

ያን ዕለት ቤት ስገባ ባለቤቴ ብርቄ ባልዲዬን አየችና፣ "ምነው፣ ጠበል ረጪ አደረጉህ እንዴ?" አለችኝ። አጫወትኋት። ብርቄ ነገር ሲነገራት ከአፍ ከአፍ ቀምታ ነው የምትፈርድ።

"ተረከዝህ ሲሰነጠቅ ምን እቀባሃለሁ?"

"ቅቤ።"

"ይድንልሃል አይድንልህም?"

"ይድናል።"

"እንግዲያ ስንጥቅ ስንጥቅ ነው፤ ምን ያስጨንቅሃል!"

በማግሥቱ የመንግሥትን ንብረት ቅቤ ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር ጭረቱ ጠፋ። ብርቄን በልቤ አመሰገንሁ፤ በአፌ ግን አላመሰገንኋትም፣ አትቻልም። ችግሩ የመጣው የዳባት መንገድ ላይ ነው። አቧራው ሁሉ እንደ ዘመድ መጥቶ ቅቤው ላይ ተለጠፈ። ዝንቡም ተከተለ። ጓድ ታረቀኝ አፍንጫቸውን ይነፋሉ፤ ያሸታሉ።

"ምንድን ነው ቅቤ ቅቤ የሚል?"

"ሞተሯ ነው ጓድ። ስትሞቅ እንዲህ ትላለች።"

"ቅቤ ትላለች?"

"ጥሩ ሞተር ስለሆነች ነው።"

ዳባት ገበያ ዳር ስንቆም ሴቶች ከበቧት። "ይቺስ አራስ ናት!" አለች አንዲቱ። "ወንድ ነው ሴት?" አለች ሌላይቱ። "ገንፎ እናምጣላት!" ጓድ ታረቀኝ ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቁኝ። "በልማቱ ተደስተው ነው" አልኋቸው። ደስ አላቸው።

ቅቤውን በሳሙና አስለቅቄ ወደ ኑርሁሴን ሱቅ ሄድሁ። ኑርሁሴን ደባርቅ ላይ ጨርቅና ላምባ፣ ሳሙናና ሻማ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ የማይመክረው ነገር የለም። የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። "ይህችን ታያለህ አያ? መስታወቷ ሲደበዝዝ በጥርስ ሳሙና ነው የማሻት። ቅቤ ማን አለህ? ወጥ ነው እንዴ?" አለና ሳቀብኝ። የጥርስ ሳሙና ገዛሁ። ከዚያ በፊት ለገዛ ጥርሴ ገዝቼ አላውቅም፤ ጥርሴ የመንግሥት ስላልሆነ ይሆናል። መስታወቱን አሸሁት፣ አሸሁት፣ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። ጭረቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሽታው ግን አማረ። ደክሞኝ በደንብ ሳላጥበው ተውሁት።

በማግሥቱ ያለ ወቅቱ ካፊያ ጣለ። የዝናብ መጥረጊያውን ብነካው መስታወቱ አረፋ ይደፍቅ ጀመር። መጥረጊያው በሄደ ቁጥር አረፋው ይቆለላል። ጓድ ታረቀኝ ወደ ኋላ ለጠጥ አሉ።

"ጓድ ሹፌር! ይህ አረፋ ምንድን ነው?"

"ንጽሕና ነው ጓድ።"

መልሱ እኔንም አሳፈረኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ንጽሕና ይወዳሉ።

በጥር ወር ከጎንደር ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ተሰማ። የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ያያል፣ ቀጥሎም ያቺ የፈረደባት መንደር ሄዶ የዘር ጎተራዋን ይጎበኛል። ጓድ ታረቀኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "ምስጉን ሹፌራችን ብዬ በአንተ ነው የምጀምረው" አሉኝ። ሰው ሲወድቅ ከምን ያህል ከፍታ እንደሚወድቅ ከፍ አድርጎ የሚያሳይ አለቃ እንዳይጥልባችሁ።

ተቆጣጣሪው ደረሱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ የመጡበት መኪና አዲስ ነው። ብርድ ስለመታቸው ቀጥታ ወደ መንደሯ እንሂድ አሉ። እሳቸው በመኪናቸው ከፊት ሄዱ፤ እኔ ጓድ ታረቀኝን ይዤ ተከተልሁ። በዚያ ማለዳ ውኃ እንዳልደፋ ውርጭ አለ። ቅቤ እንዳልቀባ ተቆጣጣሪ አለ። የጥርስ ሳሙናውን ተውት። መስታወቷን እንደ ተፈጠረች ይዣት ወጣሁ። መንገዱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ ብላ ፊት ለፊት ገጠመችን። መስታወቱ በሙሉ ነደደ።

ጓድ ታረቀኝ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አንዱን ገለጡ። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ክቡን ተከትለው አዞሩት።

"አቁም" አሉ።

አቆምሁ።

"ይህን ያደረገ ማን ነው?"

"ድንጋይ ነው ጓድ።"

"ድንጋይ ክብ እየዞረ ይጭራል?"

"የስሜን ድንጋይ ነው።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጓድ ታረቀኝ ሲጮኹ አይፈሩም፤ ዝቅ ሲሉ ነው። "ስማ። ይህ አሻጥር ነው። የአሻጥረኛውን ስም ከሰጠኸኝ አንተ መሪህ ላይ ትቀመጣለህ። ካልሰጠኸኝ አሻጥረኛው አንተ ነህ። እዚያ ደርሰን በተቆጣጣሪው ፊት ትናገራለህ።"

ደግ ሰው ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም። የቀረውን መንገድ በሙሉ የእማማ ይጋርዱን ስም ምላሴ ላይ ይዤ ነው የሄድሁ። ባለፈ ዘመኔ የተሸከምሁት ጆንያ ሁሉ ተራ ገብቶ ታየኝ። ብናገር ይድናል ወገቤ። ግን አሰብሁት፤ አሮጊቷን ወደ ደባርቅ የሚወስዷት በምን ነው? በዚህች መኪና ነው። ነጂው ማን ነው? እኔ። ከጎኔ ተቀምጠው "ወደድኸው?" ሊሉኝ ነው። ያውም መንገዱን ካየሁት! ጆንያ ቢያንስ አይናገርም። ስሙን ዋጥሁት፤ ሲወርድ ጎረበጠኝ።

መንደሯ ደረስን። ጥር ስለሆነ ሠርግ ነው፤ ወንዙ ዳር ጋኑ ተደርድሯል። ሕዝቡ ተቆጣጣሪውን ለመቀበል ወጥቷል። ጓድ ታረቀኝ አላስተነፈሱኝም፤ ከመኪናዋ አጠገብ አቆሙኝና ለተቆጣጣሪው አመለከቱ። "ጓድ፣ ንብረት ላይ አሻጥር ተሠርቷል። ይህ ሹፌር ፈጻሚውን ይደብቃል።"

ተቆጣጣሪው መስታወቱን አዩ። እኔን አዩ። "ማን ነው?"

"ድንጋይ ነው ጓድ" አልሁ። ውሸት አንድ ጊዜ ከጀመሩት ቢያንስ መለዋወጥ አያስፈልግም።

ከሕዝቡ መካከል ድምፅ መጣ። "ምን አጥፍቶ ነው ልጁ እንዲህ የተገተረ?" እማማ ይጋርዱ ናቸው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው በግራዋ አረንጓዴ ሆኗል።

"መስታወቷን ማን እንደነካት አልናገርም ብሎ ነው" አላቸው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር።

"ማን ነካት? እኔ አጠብኋት እንጂ!"

በዓይኔ ጠቀስኋቸው። እንደገና ጠቀስኋቸው።

"ምነው፣ ዓይንህን ምን ነካው? እኔ ነኝ ጓዶች! ጭቃ ውጧት መጥታ፣ እኔ ነኝ ፊቷን በግራዋ ያጠብኋት!"

"ብቻዎን ነው እንዴ?" አለች አንዲት ሴት ተናዳ፤ ምስጋናው ሊያመልጣት ነው። "አሸዋውን ከወንዝ ያወጣሁ ማን ነው?"

"ግራዋውንስ?" አለች ሌላዋ። "እኔ አይደለሁ የቀጠፍሁ?"

"እኔ ኮፈኗ ላይ ወጥቼ ነው ያሸሁ! ጉልበቴ እስካሁን አልዳነም!"

አንዱ ሽማግሌ ደግሞ በወንዶች ወገን እንዳይቀር፣ "ውኃውን የጠለፍነው እኛ ነን" አለ። ውኃው ወንዝ ነው፤ የጠለፈው ሰው የለም። መንደሩ በሙሉ አንድ በአንድ እጁን እያወጣ አመነ። አንድም የቀረ አልነበረም፤ ሊቀ መንበሩ ራሱ ዕለቱን ስብሰባ ላይ ባይሆን ያግዝ እንደነበር ተናገረ።

ጓድ ታረቀኝ ፊታቸው አመድ መሰለ። ተቆጣጣሪው ቀስ ብለው ወደ እሳቸው ዞሩ።

"ጓድ፣ ሰፊውን ሕዝብ አሻጥረኛ ነው ልትል ነው?"

"ኧረ ጓድ... ኧረ እኔ..."

"ማለትህ ከሆነ በግልጽ በል፤ ሕዝቡ ይስማ።"

"አላልሁም! መቼ ወጣኝ!"

ተቆጣጣሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ሕዝቡ ተናገሩ። "ይህ ጭረት አይደለም። ይህ ሰፊው ሕዝብ ለንብረቱ ያለው ፍቅር፣ የእጁ ምልክት ነው። በክብር ይቀመጥ! ይህ መስታወት እንዳይለወጥ!" አስቀድመው ያጨበጨቡት ጓድ ታረቀኝ ናቸው። መዳፋቸው እስኪቀላ ነው ያጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብሁ፤ መሪዬም የእማማ ይጋርዱም ነፍስ ተርፎልኛል። እያጨበጨብሁ ሳለ ግን የመጨረሻዋ ቃል ገባችኝ። እንዳይለወጥ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ እስኪደክም ድረስ ያችኑ መስታወት ነዳሁ። ማንም ደፍሮ አልነካትም።

ለእንግዶቹ ምሳ ቀረበ። የተቆጣጣሪው ሹፌር የጎንደር ልጅ፣ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ጠላ ሲቀርብለት እንደ እኔው እምቢ የማይል ሰው ሆኖ ተገኘ። እኔ ከምሳው ቤት ሆኜ ክርር፣ ክርር የሚለውን ሰማሁ። ብድግ ልል ነበር። ከዚያ ተቀመጥሁ። የሰፊውን ሕዝብ ፍቅር የማቋርጥ እኔ ማን ነኝ?

ስንወጣ አዲሷ መኪና ውኃዋ እየተንጠባጠበ ቆማለች። ምስጋናውን የሰማች ሴት ሁሉ ጋኗን ጥላ መጥታለች። ከፊት መስታወቱ አልፈው የጎኑንም፣ የኋላውንም፣ ስፖኪዮዋንም ሳይቀር ፈትገዋል። ተቆጣጣሪው ቆመው ሲደርቅ ተመለከቱት። በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

"ወደዷት ጌታው?" አሉ እማማ ይጋርዱ።

ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ሕዝቡን፣ ቀጥሎ ጓድ ታረቀኝን አዩ። "ወደድኋት" አሉ።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞራ እንደገና ፊት ለፊት ጠበቀችን። የፊተኛዋ መኪና እንደ እርጉዝ ላም ትሳባለች። ብዙም ሳትሄድ የሹፌሩ ራስ በግራ መስኮት ወጣ። ቀጥሎ የተቆጣጣሪው ራስ በቀኝ መስኮት ወጣ፦ "ወደ ግራ! ገደል ነው! ወደ ግራ በል!" እኔም በእኔ በኩል አወጣሁ። ጓድ ታረቀኝ ጥቂት ታገሡና፣ የገደሉን ጫፍ ሲያዩት፣ እሳቸውም በበኩላቸው አወጡ። ከእግረኛ በማይፈጥን አካሄድ፣ አራት ራስ በመስኮት አውጥተን እንጓዛለን።

ቀኑ የደባርቅ ገበያ ነበር። ገበያተኛው ከነአህያው እየተመለሰ ነው። በዚያ አገር ደግሞ አንገቱን አውጥቶ ያየውን ሰው ሰላም ሳይል የሚያልፍ የለም። ባርኔጣ ይወልቃል፣ ወገብ ይጎነበሳል።

"እንደምን ዋላችሁ!"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ ጓድ ታረቀኝ ሳያስቡት፤ አፋቸውን ሊይዙ ሲሉ ቃሉ አምልጧል።

"ቤተሰብ ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ከብቱስ? አዝመራውስ?"

ሰውዬው ከመኪናዋ እኩል ስለሚራመድ ሰላምታውን አሳጥሮ ማምለጥ አልተቻለም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ከፊት ተቆጣጣሪውም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደኅና ናችሁ?" ሲሉ በንፋሱ ይሰማኛል። ድርቆሽ የጫነ፣ ጨው የጫነ፣ በግ የሚነዳ፣ ሁሉም ቆሞ እጅ ይነሳል። ሴቶች እልል ያሉበትም አለ። እነዚያ ሁለት ሰዎች በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አቧራቸውን በሕዝቡ ላይ እየበተኑ አልፈዋል፤ አንድም ቀን ግን ደኅና ዋላችሁ ሲሉ የሰማቸው አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ አህያቸውን ትተው በእኔ በኩል ተጠጉ። ወደ ጓድ ታረቀኝ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"አንተዬ፣ መንግሥት ተለወጠ እንዴ?"

"የለም አባባ" አልኋቸው፤ "መስታወቱ ነው።"